አፓቼን ከሶርስ ኮድ ስትጭኑ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ኡቡንቱ ላይ አፓቼ ዌብ ሰርቨርን በአንድ መስመር ትዕዛዝ መጫን ይቻላል። ለብዙ ሰው ይኼ ይበቃል። የሚበቃችሁ ከሆነ እዚያው ላይ ቁሙ፤ ከልቤ ነው የምመክራችሁ። ከሶርስ ኮድ (ፕሮግራሙ ከተጻፈበት ኮድ) መጫን የሚያስፈልገው ዲስትሮው (እንደ ኡቡንቱ ያለው የሊኑክስ ዓይነት) ያልያዘውን ቨርዥን ስትፈልጉ፣ አንድ ሞጁል (ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ የአፓቼ ክፍል) በራሳችሁ ምርጫ ማስገባት ሲኖርባችሁ ወይም የሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) መብት በሌላችሁ ማሽን ላይ ስትሠሩ ነው።

ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። ኮንፊገር ማሽኑን ይመረምራል። ሜክ ኮዱን ኮምፓይል ያደርጋል፤ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ይለውጠዋል። ሜክ ኢንስቶል ፋይሎቹን ቦታ ቦታቸው ያስቀምጣል። ሰው የሚንገላታው ኤረሩ ብቅ ባለበት ደረጃ ላይ መፍትሄ ሲፈልግ ነው። ሜክ ላይ የሚታየው ኤረር ብዙ ጊዜ ኮንፊገር ላይ የተፈጠረ ነው። ሰርቨሩ አልነሳ ሲልም ጣጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት የመጣ ነው። ስለዚህ ከታች ባሉት ችግሮች ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ባለው ደረጃ ምን ሆነ?» ነው።

ሌላም አለ። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ያለውን መስመር ይዛችሁ አትሩጡ። «ኤረር 1» ብሎ የሚያበቃው መስመር ሥራው መቆሙን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ወደ ላይ ወጥታችሁ መጀመሪያ የወጣውን ኤረር ፈልጉ። ኮንፊገር ላይ ከሆነ ደግሞ እዚያው ፎልደር ውስጥ «ኮንፊግ.ሎግ» የሚባል ፋይል አለ። ስክሪኑ ላይ በአንድ መስመር የታለፈው ነገር እዚያ ውስጥ በዝርዝር ተጽፏል።

ትዕዛዞቹን በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። የማወራው ስለ 2.4 ቨርዥን ነው።

የወረደው ፋይል አልፈታ ሲል

ታር (የታሸገውን ፋይል የሚፈታው ትዕዛዝ) «ኖት ኢን ጂዚፕ ፎርማት» ካላችሁ በእጃችሁ ያለው ፋይል ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዳውንሎድ ገጹ ራሱ በታር ስም ሴቭ ተደርጎ ነው። «ፋይል» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡትና ኤችቲኤምኤል ካለ ትክክለኛውን ሊንክ ፈልጉ። «አንኤክስፔክትድ ኢንድ ኦፍ ፋይል» ካለ ግን ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ተቋርጦ ፋይሉ ጎድሏል። ከዜሮ አትጀምሩ፤ ደብሊውጌትን (ፋይል የሚያወርደውን ትዕዛዝ) «-ሲ» ብላችሁ ካቆመበት አስቀጥሉት።

ከዚያ የሻ256 ድምሩን (ፋይሉ አለመቀየሩን የሚያሳየውን ቁጥር) አመሳክሩ። የዲጂታል ፊርማውንም አረጋግጡ። ፋይሉን ከሚረር (ቅጂው ከተቀመጠበት ሌላ ሳይት) ብታወርዱም ፊርማውንና ድምሩን ከአፓቼ ዋና ሳይት ውሰዱ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። በሩት መብት የምትጭኑት ፕሮግራም ስለሆነ እባካችሁ አትዝለሉት።

ኮንፊገር «ሲ ኮምፓይለር የለም» ሲል

ቀላል ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «ቢልድ-ኢሴንሻል» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ሮኪና አልማ (የሬድ ሃት ወገን ዲስትሮዎች) ላይ «ዴቨሎፕመንት ቱልስ» የሚባለውን ግሩፕ ጫኑ። ሜክ «ኖ ሜክፋይል ፋውንድ» ካላችሁም ሜክ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ሜክፋይሉን የሚጽፈው ኮንፊገር ነው፤ እሱ ሳይጨርስ ወድቋል ማለት ነው።

«ኤፒአር ኖት ፋውንድ»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያማርርበት ይኼ ነው። ኤፒአር አፓቼ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚነጋገርበት ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ነው፤ ኤፒአር-ዩቲል ደግሞ አጋሩ። በ2.2 ዘመን ሁለቱም ከአፓቼ ሶርስ ጋር አብረው ይመጡ ነበር። 2.4 ላይ ተለይተው ወጡ። ለ2.2 የተጻፈ የድሮ መመሪያ ይዛችሁ ከተነሳችሁ ይህ ኤረር አይቀርላችሁም።

መፍትሄው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዲስትሮውን ፓኬጆች፣ ማለትም «ሊብኤፒአር1-ዴቭ»ንና «ሊብኤፒአርዩቲል1-ዴቭ»ን መጫን ነው። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ የደህንነት ማሻሻያ ሲወጣ በአፕት (በኡቡንቱ ፓኬጅ ጫኝ) በኩል ስለሚመጣላችሁ። ሁለተኛው ሁለቱን ሶርስ አውርዶ አፓቼ ውስጥ «ኤስአርሲሊብ» በሚባለው ፎልደር አስቀምጦ፣ ኮንፊገርን «--ዊዝ-ኢንክሉድድ-ኤፒአር» ብሎ ማስኬድ ነው። የሩት መብት ከሌላችሁ መንገዳችሁ ይኼኛው ነው።

በሁለተኛው መንገድ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ «ባንድልድ ኤፒአር ሪኩዌስትድ በት ኖት ፋውንድ» የሚል መልስ ያገኛል። ሶርሱ እዚያው ተቀምጦ! ምክንያቱ የፎልደሩ ስም ነው። ታሩ ሲፈታ ፎልደሩ ከነቨርዥን ቁጥሩ ይወጣል። ኮንፊገር ግን የሚፈልገው ቁጥር የሌለውን «ኤፒአር»ንና «ኤፒአር-ዩቲል»ን ነው። ስሙን ለውጡት። ስትለውጡ ደግሞ ልብ በሉ፦ «ኤፒአር» የሚባል ባዶ ፎልደር አስቀድማችሁ ከፈጠራችሁ «ኤምቪ» ስሙን አይለውጥም፤ ፎልደሩን ወደ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ «ኤስአርሲሊብ/ኤፒአር» ውስጥ ሌላ ፎልደር፣ ሶርሱ ደግሞ እዚያ ውስጥ ይሆናል። «ኤልኤስ» ብላችሁ እዩ። «ኤስአርሲሊብ/ኤፒአር» ውስጥ ስትገቡ ኮንፊገር የሚባለው ፋይል ወዲያው መታየት አለበት።

ላይብረሪው ተጭኗል፣ ኮንፊገር ግን አላየውም

ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገው የምስጠራ ላይብረሪ ኦፕንኤስኤስኤል ይባላል። «ኦፕንኤስኤስኤል እኮ ማሽኔ ላይ አለ!» የሚል ሰው ትክክል ነው። አለ። ግን ያለው ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ክፍል ነው። ኮምፓይል ለማድረግ የሄደር ፋይሎቹ (ላይብረሪው ውስጥ ያለውን ለኮምፓይለሩ የሚነግሩት) ያስፈልጋሉ፤ እነሱ የሚመጡት በሌላ ፓኬጅ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የዚህ ፓኬጅ ስም «-ዴቭ» ብሎ ያበቃል። በሬድ ሃት ወገን ደግሞ «-ዴቨል» ይላል። ለአፓቼ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት ሦስት ናቸው፦ «ሊብፒሲአርኢ2-ዴቭ»፣ «ሊብኤክስፓት1-ዴቭ» እና «ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ»። ፒሲአርኢ2ን የሚቀበለው ከ2.4.53 ጀምሮ ያለው አፓቼ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ቨርዥን ይዛችሁ ከሆነ አዲሱን አውርዱ።

ኤስኤስኤል ሳይናገር ሲቀር

ይኼኛው ክፉ ነው፤ ምክንያቱም ኤረር የለውም። ኮንፊገር በሰላም ያልቃል። ሜክም ያልቃል። አፓቼ ይነሳል። ኤችቲቲፒኤስ ልታበሩ ኮንፊጉ (የአፓቼ ቅንብር ፋይል እንጂ ኮንፊገር አይደለም) ውስጥ «ኤስኤስኤልኢንጅን ኦን» ስትሉ «ኢንቫሊድ ኮማንድ» ይላል። ሞጁሎች የሚቀመጡበትን ፎልደር ብትከፍቱ «ሞድ_ኤስኤስኤል» የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ምንም ካላዘዛችሁት ኮንፊገር «አብዛኞቹን ሞጁሎች» ለመሥራት ይሞክራል። የኦፕንኤስኤስኤል ሄደር ካላገኘ ኤስኤስኤልን ትቶ ዝም ብሎ ያልፋል። «--ኢኔብል-ኤስኤስኤል» ብላችሁ በስሙ ከጠየቃችሁት ግን ማለፍ አይችልም፤ እዚያው ይቆምና የጎደለውን ይነግራችኋል። ስለዚህ በእርግጥ የምትፈልጉትን ሞጁል ሁሉ በስሙ ጥሩ። ሥራው ኮንፊገር ላይ ቢቆምባችሁ አሥር ደቂቃ ነው የሚያስከፍላችሁ። ሰርቨሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ብታገኙት ግን ሌሊታችሁን ነው የሚወስደው።

ሞጁሉ ተሠርቶም «ኢንቫሊድ ኮማንድ» ካለ ኮንፊጉ ውስጥ «ሎድሞጁል» የሚለው መስመር ፊት የሃሽ ምልክት አለ ማለት ነው፤ አንሱት። ከሞድ_ኤስኤስኤል ጋር «ሞድ_ሶካሽ_ኤስኤችኤምሲቢ»ንም አብሩ። አለበለዚያ ተዘጋጅቶ የሚመጣው የኤስኤስኤል ኮንፊግ የሴሽን ካሹን አላውቀውም ብሎ ይቆማል።

ሜክ መሃል ላይ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ሲል

ብዙ ጊዜ የሚታየው እንዲህ ነው። ሜክ ረጅም መንገድ ከሄደ በኋላ «ኤችቲፓስደብሊውዲ» የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ሲሠራ ይወድቃል። መልእክቱ «ሊብኤፒአርዩቲል» ውስጥ በ«ኤክስኤምኤል_» የሚጀምሩ ፈንክሽኖች አልተገኙም ይላል። ሰው ኤችቲፓስደብሊውዲ የተበላሸ ይመስለውና እሱን ጉግል ያደርጋል። ፕሮግራሟ ምንም አላጠፋችም። ከኤፒአር-ዩቲል ጋር ለመያያዝ የመጀመሪያዋ ስለሆነች ብቻ ነው የወደቀችው። የጎደለው ኤክስፓት ነው፤ ኤፒአር-ዩቲል ኤክስኤምኤል የሚያነብበት ላይብረሪ። ኤፒአር-ዩቲል ከ1.6 ጀምሮ ኤክስፓትን ይዞ አይመጣም።

ኤክስፓትን ጫኑ። ግን እዚህ ላይ አትቁሙ። ጭናችሁ ሜክን እንደገና ብትሉት ያው ኤረር ይመለሳል፤ ኮንፊገር ያኔ ያየውን ጽፎ አስቀምጧል፣ በግማሽ የተሠሩት ፋይሎችም እዚያው ናቸው። «ሜክ ዲስትክሊን» ብላችሁ ኮንፊገርን እንደገና አስኪዱ። እኔ ግን ፎልደሩን አጥፍቶ ታሩን እንደ አዲስ መፍታትን እመርጣለሁ። ጥርጣሬ አይተርፍም።

ኮምፓይለሩ «ኪልድ» ብሎ ሲሞት

ኮዱ ምንም አልሆነም፤ ራም አልቆ ነው። 512 ሜጋባይት ራም ባለው ርካሽ ቪፒኤስ (የኪራይ ምናባዊ ሰርቨር) ላይ ቁጥር ሳትሰጡ «ሜክ -ጄ» ካላችሁ ሜክ ያለ ገደብ ሥራዎችን በአንዴ ይጀምራል። ሊኑክስም ማሽኑን ለማዳን ኮምፓይለሩን ይገድለዋል። «ዲሜሴጅ» ብትሉ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚለውን ታገኙታላችሁ። «-ጄ2» በሉ ወይም ያለ ጄ አስኪዱት። ካልበቃ ስዋፕ ፋይል (ራም ሲያንስ በዲስክ ላይ የሚተካው) ጨምሩ።

ተጭኗል፣ ግን አይነሳም

«አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ» ካለ ፖርት 80ን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። «ሱዶ ኤስኤስ -ኤልቲኤንፒ» ማን እንደሆነ ያሳያችኋል። አብዛኛውን ጊዜ የዲስትሮው አፓቼ ራሱ ወይም ኤንጂንኤክስ ነው፤ በሲስተምሲቲኤል አቁሙት፣ ዲሴብልም አድርጉት። በዚያው ቦታ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ደግሞ ከ1024 በታች ያለ ፖርት ለተራ ተጠቃሚ አይፈቀድም፤ በሱዶ አስነሱት ወይም 8080ን ተጠቀሙ።

«ኤረር ዋይል ሎዲንግ ሼርድ ላይብረሪስ» የሚለው የሚመጣው ላይብረሪውንም ራሳችሁ ኮምፓይል አድርጋችሁ «/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» ውስጥ ስታስቀምጡ ነው። በሬድ ሃት ወገን ሲስተሙ እዚያ ፎልደር ውስጥ በራሱ አይፈልግም። «/ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ» ውስጥ አንድ ፋይል ፍጠሩ፣ የፎልደሩን መንገድ በአንድ መስመር ጻፉበት፣ «ኤልዲኮንፊግ» በሉ።

ኤኤች00558 የሚል ቁጥር ካያችሁ አትደንግጡ፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። «ሰርቨርኔም» የሚለውን መስመር ስትሞሉት ይጠፋል።

403 ፎርቢደን

ኤረር ሎጉን ክፈቱ፤ ቁጥሩ ይለያችኋል። ኤኤች01630 ከሆነ የአፓቼ ኮንፊግ ጎብኚውን ከልክሏል። ለፎልደሩ «ሪኳየር ኦል ግራንትድ» የሚል መስመር ጻፉለት። ኤኤች00035 ከሆነ ደግሞ ወደ ፋይሉ ከሚወስዱት ፎልደሮች አንዱ ለአፓቼ ዝግ ነው። ከሶርስ የተጫነ አፓቼ የሚሠራው «ዴሞን» በሚባል ተጠቃሚ ነው እንጂ እንደ ኡቡንቱው በ«ደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ» አይደለም። ሳይታችሁን ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ዴሞን በሩን ማለፍ አይችልም። ፋይሎቹን ወደ «/ኤስአርቪ» ውሰዷቸው። 777 የሚል ምክር ካያችሁ አትስሙ፤ ማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ፋይላችሁን እንዲቀይር መፍቀድ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አፓቼ አይመለስም

ሜክ ኢንስቶል የሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) ፋይል አይሠራላችሁም። እናንተ ናችሁ የምትጽፉት። ዓይነቱን «ፎርኪንግ» በሉት። ማስነሻው «/ዩኤስአር/ሎካል/አፓቼ2/ቢን/አፓቼሲቲኤል -ኬ ስታርት» ነው። የፒአይዲ (የፕሮሰስ ቁጥር) ፋይሉ «ሎግስ» ፎልደር ውስጥ «ኤችቲቲፒዲ.ፒድ» ይባላል። ከዚያ «ኢኔብል» አድርጉት። ሪቡት አድርጋችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ ሥራው አለቀ አትበሉ።

አዲሱን ጫንኩ፣ አሮጌው ነው የሚመልሰው

ይህን ችግር በቁም ነገር ውሰዱት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 2.4.49 ላይ አጥቂ ከሳይቱ ፎልደር ውጪ ያሉ ፋይሎችን እንዲያነብ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘ። 2.4.50 ሊደፍነው ወጣ፣ ሳይሟላ ቀረ፤ በቀናት ልዩነት 2.4.51 ተከተለ። ቀዳዳው 2.4.49 ላይ አዲስ የገባ ስለነበር የዲስትሮውን የቆየ ፓኬጅ የሚጠቀም ሰው አልተነካም። አዲሱን ከሶርስ የጫነ ግን በዚያው ሳምንት ሁለቴ ማሻሻል ነበረበት። ከሶርስ ስትጭኑ አፕት አያግዛችሁም። የአፓቼን የማስታወቂያ ኢሜይል ዝርዝር ተቀላቀሉ።

ማሻሻሉ ከባድ አይደለም። ባለፈው የሰጣችሁት የኮንፊገር አማራጭ ሁሉ በተጫነው አፓቼ «ቢልድ» ፎልደር ውስጥ «ኮንፊግ.ናይስ» በሚባል ፋይል ተቀምጧል። ወደ አዲሱ ሶርስ ቅዱትና በኮንፊገር ፋንታ እሱን አስኪዱ፤ ከዚያ ሜክ፣ ሜክ ኢንስቶል። ኮንፊጋችሁንና የሳይታችሁን ፋይሎች አይነካም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሮጌው ቨርዥን ከመለሰ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ አሮጌው ፕሮሰስ ገና እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሪሎድ አይበቃም፤ በ«ግሬስፉል-ስቶፕ» አቁማችሁ እንደገና አስነሱት። ሁለተኛ፣ «አፓቼሲቲኤል» ብቻ ብላችሁ ስትጽፉ የሚታዘዛችሁ የዲስትሮው አፓቼ ሊሆን ይችላል። «ዊች አፓቼሲቲኤል» በሉ። መልሱ «/ዩኤስአር/ኤስቢን» ከሆነ የዲስትሮው ነው። ትዕዛዙን ሁልጊዜ ከነሙሉ መንገዱ ጻፉ፣ ከዚያ «/ዩኤስአር/ሎካል/አፓቼ2/ቢን/ኤችቲቲፒዲ -ቪ» ብላችሁ ቨርዥኑን አረጋግጡ።