ሳይንን ከመውቀስዎ በፊት፦ የሒሳብ ላይብረሪ ሲፈተሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚመላለሱ ጀልባዎች መከታተያ ስንሠራ፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና «ጋሼ፣ የላይብረሪያችን ኮሳይን ተበላሽቷል» አለኝ። ላይብረሪ ያለው ሳይንንና ኮሳይንን የመሰሉ ስሌቶች (ፈንክሽኖች) ተዘጋጅተው የተቀመጡበትን ፕሮግራም ነው። ጣና ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ጀልባዎች ርቀታቸው ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ራቅ ሲሉ ደግሞ ቁጥሩ ባንዴ ዘሎ 2.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በመካከል ምንም የለም። ሁለት ቀን ኮሳይኑን ስንመረምር ዋልን። ኮሳይኑ ግን ንጹሕ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ የቀመሩን ጥፋት በፈንክሽኑ ላይ መጫን። ርቀቱን የምናወጣው በአርክኮሳይን፣ ማለትም ከኮሳይን ተነስቶ አንግሉን በሚመልሰው ስሌት ነበር። የምድር ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ከምድር መሃል ሲታይ 0.000157 ራዲያን (የአንግል መለኪያ) ያህል ነው። የዚህ አንግል ኮሳይን ከ1 የሚያንሰው በ0.000000012 ብቻ ነው። በ32 ቢት ፍሎት (ማሽኑ ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች በ32 ቢት የሚያስቀምጥበት ዓይነት) ከ1 በታች ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ግን ከ1 በ0.00000006 ይርቃል። ስለዚህ ኮሳይኑ 1 ብሎ ሲመልስ በቢቱ አቅም ትክክለኛውን መልስ ሰጥቷል፤ የ1 አርክኮሳይን ዜሮ ስለሆነ ግን ርቀቱም ዜሮ ይሆናል። እሱን መጠገን ያልበላንን ማከክ ነበር። የግማሹን አንግል ሳይን ወደሚጠቀመው የሃቨርሳይን ቀመር ስንቀይር ችግሩ ጠፋ።

ሁለተኛው ስህተት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እኔም በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ። የፓይ ሳይን ዜሮ ካልሆነ ላይብረሪው ወደቀ ማለት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግን ፓይ አይደለም። ለፓይ እጅግ የሚቀርበው የ64 ቢት ደብል (የፍሎት እጥፍ ቢት ያለው ቁጥር) ከእውነተኛው ፓይ በ1.22 × 10⁻¹⁶ ያህል ያንሳል። የዚያ ቁጥር ሳይን 1.2246467991473532 × 10⁻¹⁶ ነው፤ ዜሮ የመለሰ ላይብረሪ ነው የተሳሳተው። የ90 ዲግሪ ኮሳይንም እንዲሁ፦ ወደ ራዲያን ሲቀየር 6.123233995736766 × 10⁻¹⁷ መምጣት አለበት። ፈንክሽኑ የሚጠየቀው በማሽኑ ውስጥ ስለተቀመጠው ቁጥር እንጂ እኛ በልባችን ስላሰብነው ቁጥር አይደለም። 0.1 ብለን ስንጽፍ እንኳ ማሽኑ የሚይዘው 0.1000000000000000055… ነው። ለማመሳከሪያው ፕሮግራም፣ ማለትም የላይብረሪውን መልስ ለምናስተያይበት ሌላ ፕሮግራም፣ «0.1» ብሎ በጽሑፍ መላክ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ቁጥሩን በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አጻጻፍ)፣ ቢት በቢት ይላኩት።

ማመሳከሪያውም ዘመድ መሆን የለበትም። ብዙ ላይብረሪዎች ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1993 ካወጣው ኤፍዲሊብኤም ከተባለ የሒሳብ ላይብረሪ የወረሱ ናቸው። ሁለቱ ቢስማሙ የሚያሳየው አንድ አባት እንዳላቸው ሊሆን ይችላል። ኤምፒኤፍአርን የመሰለ፣ የቢቱን ብዛት ራስዎ የሚወስኑበት ላይብረሪ ይውሰዱና በ200 ቢት ያስሉ።

«ልዩነቱ ከ10⁻¹² ካነሰ አልፏል» የሚል ፈተናም አይበቃም። ከላይ ባየነው የፓይ ምሳሌ ዜሮ የመለሰ ላይብረሪ ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋል፤ ስህተቱ ግን መቶ በመቶ ነው። መለኪያው በመልሱ አካባቢ ባሉ ሁለት ጎረቤት ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት መሆን አለበት። ከ1 በታች ክፍተቱ 1.1 × 10⁻¹⁶ ነው፤ በፓይ ሳይን አጠገብ ግን 2.5 × 10⁻³² ያህል ይሆናል። ፍጹም የተጠጋጋ መልስ ከግማሽ ክፍተት በላይ አይሳሳትም። ከአንድ ክፍተት በታች የሚቆይ ላይብረሪ በእኔ ግምት ጥሩ ነው።

የሳይን ካሬና የኮሳይን ካሬ ድምር 1 መሆኑን ማየት የሚያታልል ፈተና ነው። ላይብረሪው ትልቁን አንግል የፓይ ብዜቶችን እየቀነሰ ወደ ትንሽ አንግል ሲያወርድ ቢሳሳት፣ ሳይኑም ኮሳይኑም የዚያኑ የተሳሳተ አንግል መልስ ይሰጣሉ፤ ድምራቸውም ያለ እንከን 1 ይሆናል። ተማክረው የመጡ ምስክሮች ናቸው።

ከ0 እስከ ሁለት ፓይ ባሉ የዘፈቀደ ቁጥሮች ብቻ መፈተን ደግሞ ከባሕር ዳር ወደብ ሳይወጡ ጣናን አየሁ እንደማለት ነው። ከፖዘቲቭ ደብሎች ግማሽ ያህሉ ከ1 ያንሳሉ፤ እንዲህ ያለ ዕጣ ግን እጅግ ትናንሾቹን አያወጣም። ትልልቆቹንም ጨርሶ አይነካም። የ10²² ሳይን −0.8522008497671888 ነው። ከእንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር የፓይ ብዜቶችን በትክክል ለመቀነስ የፓይ ብዙ አሃዞች ያስፈልጋሉ፤ ፔይንና ሃኔክ በ1983 ያሳተሙት ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። ከሁሉም የሚከፋው 6381956970095103 × 2⁷⁹⁷ ነው፦ ከደብሎች መካከል ለግማሽ ፓይ ብዜት ከሚቀርቡት ዋነኛው ስለሆነ ኮሳይኑ በመጠን 4.687 × 10⁻¹⁹ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ከፈተና ዝርዝርዎ አያጥፉት።

32 ቢት ከሆነ ግን ዕጣ ምን ያደርጋል? ሁሉም 4,294,967,296 ናቸው። ማታ አስነስተው ይተኙ፣ ጠዋት አልቆ ያገኙታል። እኛም እንዲሁ አደረግን።

በመጨረሻ አራት መስመር የማይሞሉ ፈተናዎች ይጨምሩ፦ የኔጋቲቭ ዜሮ ሳይን ኔጋቲቭ ዜሮ ነው፤ የኢንፊኒቲ ሳይን «ቁጥር ያልሆነ» ነው፤ «ቁጥር ያልሆነ» ሲገባም ያው ይወጣል፤ እጅግ ትንሽ የሆነ ቁጥር ሳይኑ ራሱ ቁጥሩ ነው።