ከከተማ ዳር ወጥቶ ሙዚቃዊ ቴአትር አይቶ እንዴት ይመለሳል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ቴአትር ማየት ራሱን የቻለ ጉዞ ሆኗል። ድሮ ካዛንቺስ ተከራይተን ስንኖር በእግራችን ሄደን በእግራችን እንመለስ ነበር። አሁን ከመሀል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀናል። ያም ሆኖ በዓመት ሁለት ሦስቴ እንሄዳለን። በተለይ ዘፈንና ውዝዋዜ ያለበት ሙዚቃዊ ቴአትር ከመጣ አክስቴ እረፍት አትሰጠንም። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ ያላችሁም ችግራችሁ ከኛ ብዙ አይለይም። ስንሳሳት የተማርነውን እነሆ።

1. ከመመለሻው ጀምሩ

ሰው ቲኬቱን ያስቀድማል። የከተማ ዳር ሰው ግን ማስቀደም ያለበት መመለሻውን ነው።

መጀመሪያ የሄድን ቀን ይህን አላሰብንም። ቴአትሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ አለቀ። ሜክሲኮ ስንደርስ ሰልፉ እንጂ ታክሲው የለም። በመጨረሻ አንድ ሚኒባስ መጣ። ወያላው «ሳሪስ! ሳሪስ ብቻ!» ይላል። ሳሪስ ወረድን። ከዚያ «ቃሊቲ ብቻ!» የሚል ሌላ ተገኘ። ቆርጠው እየጫኑ በሦስት ታክሲ፣ የሦስት ታክሲ ሂሳብ ከፍለን፣ 5 ሰዓት ላይ ቤት ገባን። አክስቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። ያን ቀን ያየነውን ታሪክ ዛሬ ብትጠይቁኝ በቅጡ አላስታውሰውም፤ የሳሪሱን ቆሞ መጠበቅ ግን አልረሳውም።

በስልክ ራይድ ወይም ፈረስ ታክሲ መጥራት መፍትሔ ይመስላል። ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ማታ ሾፌሩ ደውሎ «የት ነው የምትሄዱት?» ይላል። ቱሉ ዲምቱ ስትሉት ዝም ይላል፣ ቀጥሎ «ወንድሜ፣ ባዶዬን ልመለስ?» ብሎ ይሰርዘዋል። አልፈርድበትም፣ ነዳጅ ነው።

እኛ ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው። በየኮንዶሚኒየሙ የራይድ ሹፌር ጎረቤት አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ከተማ ሲሠራ ይውልና ማታ ባዶውን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለሱ ቱሉ ዲምቱ መንገዱ ነው። ከሁለት ቀን በፊት አናግሩት፤ ዋጋውን ቁረጡ፤ የምትገናኙበትን ቦታ ተስማሙ። አራት ሆናችሁ ከተካፈላችሁት የሦስቱን ታክሲ ያህል ቢሆን ነው። ይህ ካልተሳካ መሀል ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ማደርም አለ። ያኔ ግን ባዶ እጅ አይኬድም፣ ብርቱካን ቢጤ ያዙ።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ አንድ ሙዚቃዊ ቴአትር በሳምንት 8 ጊዜ ይታያል። እኛ ጋ አሠራሩ ሌላ ነው። አንድ ቴአትር የራሱ ቀን ይሰጠዋል። ማክሰኞ የሆነ ማክሰኞ፣ ሐሙስ የሆነ ሐሙስ፣ በየሳምንቱ በዚያው ቀን ይቀጥላል። ጥሩ ከሆነ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ቢያመልጣችሁ አትጨነቁ፣ ሳምንት አለ።

በሥራ ቀን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው 11፡30 ላይ ነው። እሁድ ደግሞ የ8 ሰዓት አለ። ልጅ ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሄዳችሁ የእሁድ 8 ሰዓቱን ውሰዱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታክሲ ታገኛላችሁ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ የማታው ይሻለኛል። አመሸን የሚባለው ከአዳራሹ ስትወጡ ጨለማ ሲቀበላችሁ ነው።

ሙዚቃዊ ቴአትር ከተራው ድራማ ረዘም ይላል። ዘፈኑ ጊዜ ይፈልጋል። ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት። በዚያ ላይ በሰዓቱ ላይጀምር ይችላል። አንድ አዳራሽ 11፡30 ብሎ ጠርቶን 12 ሰዓት አልፎ መጋረጃው የተከፈተበት ቀን አለ። ለሹፌሩ የምትነግሩትን ሰዓት ይህን ሁሉ ደምራችሁ ንገሩት።

3. ደውሉ

አዳራሽ ለስብሰባ ይያዛል፣ ለእድሳት ይዘጋል፣ ተዋናይ ይታመማል። በዚያው ቀን ጠዋት ደውላችሁ «ዛሬ አለ ወይ?» በሉ። ለአዳራሹ ቅርብ የሚኖር ሰው ደርሶ መመለስ ይችላል። እናንተ ግማሽ ቀናችሁ ነው የሚቃጠለው።

4. ወዴት?

ብሔራዊ ቴአትር ለገሀርና ሜክሲኮ መካከል ነው። የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ያኔ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል ነበር። ከፊቱ የቆመው የድንጋይ አንበሳም የዚያው ዘመን ነው። ተቀጣጥራችሁ ከሆነ «አንበሳው ጋ» በሉ፣ ማንም አይሳሳትም። ለሙዚቃ ሰው ደግሞ ይህ ቤት ሌላ ታሪክ አለው። አርመናዊው የሙዚቃ መምህር ነርሲስ ናልባንዲያን ኦርኬስትራውን ያሠለጠነው እዚህ ነው።

ሀገር ፍቅር ፒያሳ ነው፤ በዕድሜ ታላቁ እሱ ነው። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለማነቃቃት ተቋቋመ። ጥላሁን ገሠሠ በልጅነቱ መድረክ የጀመረው እዚያ ነው። በነዚህ ቤቶች ዘፈንና ድራማ አንድ መድረክ ላይ መዋላቸው አዲስ ነገር አይደለም። «ሙዚቃዊ የፈረንጅ ነው» የሚላችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

ማዘጋጃ ቤት ያለው የአዲስ አበባ ቴአትርና ባህል አዳራሽም አይረሳ።

5. አካሄድ

ለኛ መስመር ቃሊቲ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር ለገሀር ወይም ሜክሲኮ መውረድ ነው። ከሁለቱም ብሔራዊ ቴአትር በእግር ደቂቃዎች ነው። ከአያት በኩል የምትመጡም እዚያው ትወርዳላችሁ፣ ሁለቱ የባቡር መስመሮች እዚህ ጋ ሐዲድ ይጋራሉ። ባቡሩ ይጨናነቃል፣ ይዘገያልም። ስለዚህ 11፡30 ለሚጀምር ቴአትር እኛ 8፡30 ላይ ከቤት እንወጣለን። ይበዛል የሚል አለ። ቀድሞ ደርሶ ማኪያቶ መጠጣት ግን የምሽቱ አካል ነው።

ቲኬቱን በር ላይ ካለው መስኮት ቁረጡ። ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ አትርሱ። ሹራብ ወይም ነጠላ ደርቡ፤ ስትገቡ ይሞቃል፣ ስትወጡ ግን የአዲስ አበባ ብርድ ነው።

6. የት ይቀመጣል?

ሰው ሁሉ ፊት ይሮጣል። ለሙዚቃዊ ግን ፊት ጥሩ አይደለም። ስፒከሩ ጆሮ ያደነቁራል፤ ድምፃዊው ምን እንዳለ ሳይሰማችሁ ዘፈኑ ያልቃል። መሀል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያዙ። ውዝዋዜ ለምትወዱ ፎቁ ይሻላል። ከላይ ሲታይ ተወዛዋዦቹ የሚሠሩት ክብ፣ የሚከፋፈሉበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከታች ግን የፊተኛው ሰው ትከሻ ብቻ ነው።

7. አሁን ስሙ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ሙዚቃዊ ሲያይ ዘፈኑን እንደ እረፍት ይቆጥረዋል። ዘፈን ሲጀምር ስልኩን ያወጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋ ያወራል። ስህተት ነው። ደህና ሆኖ በተሠራ ሙዚቃዊ ታሪኩ የሚዞረው ዘፈኑ ውስጥ ነው። ልጅቷ ልቧን የምትናገረው በንግግር ላይሆን ይችላል፤ ዘፈኑ ካመለጣችሁ ቀጥሎ ለምን ከቤት እንደወጣች አይገባችሁም።

ቅኝቱን ስሙ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ ስማቸውን ባታውቁ እንኳ ጆሯችሁ ያውቃቸዋል። ክራሩ ብቻውን ቀርቶ ከበሮው ዝም ሲል አንድ ነገር ሊመጣ ነው።

ከሁሉ በላይ ተመልሳ የምትመጣዋን ዜማ ጠብቁ። ባለፈው ያየነው ላይ መጀመሪያ ሠርግ ነበር። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እስክስታ። አክስቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ትከሻዋን ሰበቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላ እናትየዋ ብቻዋን ቀረች። አንድ ማሲንቆ፣ በጣም በዝግታ መጫወት ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። አክስቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ይቺ እኮ ቅድም የጨፈሩባት ናት!» አለች። ፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ሊቆጣ ዞረ። አፉን ከፍቶ ቆመ። ጆሮውን ሰጠና ራሱን ነቅንቆ ተመለሰ። ያቺው የሠርግ ዜማ ነበረች፣ ለቅሶ ሆና።

8. ያልተጻፉ ሕጎች

ማጨብጨብ ይቻላል። እልልታም ይቻላል፣ ሲያምር ማን ይችላል? መድረክ ላይ ወጥቶ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ግን አይቻልም። ሠርግና ባህል ምግብ ቤት ለምዶብን እጃችን ወደ ኪስ ይሄዳል። ሰውዬው አሁን ዘፋኝ አይደለም። ድሃ ገበሬ ሆኖ እየተወነ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ብትለጥፉለት ታሪኩን ምን አደረጋችሁት? ብሩን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ቆሎ ከመግባታችሁ በፊት ይበላ። የስልክ መብራት ከኋላ ላለው ሰው ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ነውር ነው፤ ሌላው የሚከፍልበትን በነፃ መበተን ነው።

9. ስትወጡ

ለሹፌሩ መጋረጃው ሲዘጋ ሳይሆን ተዋናዮቹ ሰላምታ ሊሰጡ ሲሰለፉ ደውሉ። በሩ እስኪለቀቅ፣ አክስት ወይም እናት መጸዳጃ ቤት ደርሳ እስክትመጣ ይደርሳል። መኪናውን ግርግሩ መሀል አትጠብቁ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቁም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል፦ የግቢው በር። የኛ ግቢ ማታ ይዘጋል። ከቀኑ ለጥበቃው «ዛሬ እናመሻለን» ብላችሁ ካልነገራችሁት ደጅ ላይ ቆማችሁ በር ስትደበድቡ ውሾቹ ሰፈሩን ይቀሰቅሱታል። ደረጃው ላይ አምፖል ላይኖር ይችላል፤ የስልካችሁ ባትሪ ለዚህ ይትረፍ።

ባለፈው ጥበቃው ከፈተልንና «እማማ፣ ከየት ነው እንዲህ አምሽታችሁ?» አላት አክስቴን። መልስ አልሰጠችውም። ያቺን ዜማ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ደረጃውን ጀመረች። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፣ አሳንሰር የለም። ሦስተኛው ላይ ስትቆም ደከማት ብዬ ክንዷን ያዝኩ። «ቆይ» አለችኝ፣ «ሁለተኛው ስንኝ እንዴት ነበር?»