አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ስትከራዩ እንዳትሳሳቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ስቱዲዮ ሲባል በአብዛኛው የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ጥግ ላይ ማብሰያ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት። ጀሞም ይሁን ሰሚት ወይም የካ አባዶ፣ ጂ+4 ሕንፃ አሳንሰር የለውም። አራተኛ ለመድረስ ሰባ ደረጃ ገደማ ትወጣላችሁ።

«ውሃ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያውም ትልቁም ስህተት ነው። ደላላውም አከራዩም «አለ» ይላሉ፤ አልዋሹም፣ ግቢው ውስጥ አለ። አራተኛ ፎቅ ግን ሌላ አገር ነው። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ግፊቱ ደካማ ከሆነ ታች ያሉት እየሞሉ እናንተ ጋ ቧንቧው አየር ያፏጫል፤ እነሱ ሲጨርሱ ደግሞ ፈረቃው አልቋል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት? እዚህ ቧንቧ ድረስ ይወጣል? ሮቶ ካለ የማን ነው? ፓምፕ ካለው መብራቱን ማን ይከፍላል? መልሱን ከደላላው አትውሰዱ፤ እዚያው ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤት በር አንኳኩ። ኮሪደሩ ላይ ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ ደግሞ ማንኳኳትም አያስፈልግም። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ቆጥቦ በቀን 40 ሊትር ቢፈጅ፣ ውሃ ለአራት ቀን ሲጠፋ 160 ሊትር ማለት ነው። ይህም ባለ 20 ሊትር ስምንት ጀሪካን፣ እያንዳንዱ 20 ኪሎ፣ እያንዳንዱ ሰባ ደረጃ። የተሸካሚውን ሂሳብ ኪራዩ ላይ ደምሩና «ውድ ነው» ብላችሁ ከተዋችሁት ሁለተኛ ፎቅ ጋር አስተያዩት።

ቤቱን አመሻሽ ላይ አይቶ መወሰን ሌላው ነው። የመጨረሻው ፎቅ ከቆርቆሮው ሥር ስለሆነ ኮርኒሱን በቀን ብርሃን እዩ። ቡናማ ክብ ካለ ክረምት ላይ ያፈሳል። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ክቡ ከሥሩ ነው።

ምጣድ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር አካባቢ መሆኑ ነው። በተራ ሶኬት ላይ ከምድጃ ጋር ሲሠራ ወይ ብሬከሩ ይወድቃል ወይ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ ብሬከሩ የወደቀበት ዕድለኛ ነው። ለምጣድ ብቻ የተዘረጋ ባለ 4 ካሬ ሽቦ መስመር መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ የጋራ መጠቀሚያው ሕንፃ ውስጥ ያለው መጋገሪያ እየሠራ ነው ወይስ መጋዘን ሆኗል? ሄዳችሁ እዩት።

ቁልፍ የተረከባችሁ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ አንሱ። ውዝፍ ካለ ያለፈው ተከራይ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። «እኛ በመተማመን ነው» የሚል አከራይ ውል አልፈልግም እያለ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። ይህ ሁሉ እያለ የስድስት ወር በጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ዛሬም አለ! ከዚህ የሚብሰው «ለግብሩ ብለን ውሉ ላይ ዝቅ እናድርገው» ሲባል እሺ ማለት ነው። ጭቅጭቅ የመጣ ቀን ውሉ ላይ ከተጻፈው በላይ በእጅ የሰጣችሁትን ብር በምን ታስረዳላችሁ?

ፈራሚው ባለቤቱ ካልሆነ ውክልናውን አንብቡ፤ «ማከራየት» የሚል ቃል ይኑርበት። በሩ በያዙት ቁልፍ ሳይከፈት ደግሞ ቀብድ አትስጡ፤ አንድ ቤት ለሦስት ሰው ቀብድ የሚቀበሉ አሉ።

ወሩ የሚቆጠረው በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ጻፉት፤ ጳጉሜን ላይ ያከራክራል።

ዕቃ ሳትጭኑ የደረጃውን መታጠፊያ በሜትር ለኩ፤ ሶፋ የሚቀረቀረው እዚያ ነው። ከጫኝና አውራጆች ጋር ስትደራደሩም ፎቁን አስቀድማችሁ ንገሩ። «አራተኛ» የሚለው ቃል በስልክ ካልተነሳ፣ ፍሪጁ መሬት ላይ ከተራገፈ በኋላ ዋጋው እንደ አዲስ ይጀመራል።