የጋማ ፈንክሽን እኩሌታዎች ግራና ቀኛቸው አልገጥም ሲል

ጋማ ፋክቶሪያልን (ለምሳሌ የ4 ፋክቶሪያል 4 × 3 × 2 × 1 ነው) ድፍን ላልሆኑ ቁጥሮችም የሚያሰፋ ፈንክሽን ነው። ከታች «ቀ» የምንተካው ቁጥር ነው።

ጋማ(5) 120 ይሆናል ሲባል 24 ይወጣል። የተበላሸ ነገር የለም። የቀ ፋክቶሪያል ጋማ(ቀ + 1) ስለሆነ ጋማ(5) የ4 ፋክቶሪያል ነው። ይህች የአንድ ፈቀቅታ የፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ የሌዣንድር አጻጻፍ ያመጣት ጣጣ ናት። 120 ከፈለጋችሁ ጋማ(6) ጻፉ።

የኦይለር ቀመር፣ ጋማ(ቀ) × ጋማ(1 − ቀ) = ፓይ ÷ ሳይን(ፓይ × ቀ)፣ ቀ = 0.25 ሲሆን በግራ 4.4429፣ በቀኝ 229 ገደማ ይሰጣል። ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ራዲያን ቀይሩት፤ በቀኝም 4.4429 ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚያደክመው የሌዣንድር የእጥፍ ቀመር ነው፦

ጋማ(ቀ) × ጋማ(ቀ + ½) = 2^(1 − 2ቀ) × √ፓይ × ጋማ(2ቀ)

ቀ = ½ ስትተኩ በሁለቱም በኩል 1.77245 ይወጣል፤ ቀ = 1 ላይ ግን ቀኙ የግራው 4 እጥፍ፣ 3.5449 ይሆናል። የ2ን አርቢ ገልብጣችሁ 2ቀ − 1 ጽፋችኋል ማለት ነው። ½ ላይ አርቢው በሁለቱም አጻጻፍ ዜሮ ስለሆነ ስህተቱን ይሸፍነዋል። ለመፈተሻ ½ን የሚመርጥ ሰው ራሱን ያታልላል። አርቢውን አስተካክላችሁ በ1 ፈትሹ፤ ሁለቱም 0.886227 መሆን አለባቸው። ቀጥሎ በ0.3 ድገሙት።

ጋማ(200) ÷ ጋማ(198) ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ስህተት ብሎ ይቆማል። ተራው ባለ 64 ቢት ቁጥር ጋማ(171)ን ይችላል፣ ጋማ(172)ን ግን አይችልም። መልሱ ራሱ 199 × 198 = 39402 ብቻ ነው፤ የሚያፈርሰው መሃል ላይ ያለው ግዙፍ ቁጥር ነው። የጋማን ሎጋሪዝም የሚሰጠውን የፓይተን ፈንክሽን ኤልጋማን (lgamma) ተጠቀሙ፦ ሁለቱን ቀንሱ፣ ከዚያ ልዩነቱን የኦይለር ቁጥር (e፣ 2.718 ገደማ) አርቢ አድርጉት። በአስርዮሹ ጫፍ ትንሽ ጭራ ቢቀር አትደንግጡ።

ኤልጋማን ስትጠቀሙ ጋማ(−0.5) −3.5449 መሆን ሲገባው +3.5449 ከመጣ፣ ኤልጋማ የሚሰጠው የፍጹም ዋጋውን ሎጋሪዝም ስለሆነ ምልክቱ ጠፍቷል። ነጌቲቩን ቁጥር ወደ ታች ወዳለው ድፍን ቁጥር አውርዱት፦ ኢ-ተጋማሽ ከሆነ ውጤቱ ነጌቲቭ ነው (−0.5 ወደ −1)፣ ተጋማሽ ከሆነ ፖዘቲቭ (−1.5 ወደ −2)። በ0፣ በ−1፣ በ−2 እና በመሰሎቻቸው ላይ ግን ጋማ ራሱ ዋጋ ስለሌለው ምልክት አትፈልጉለት።