ሁለት ክለብ ሲከፈት፦ መልስ ሰጪው የሚሳሳታቸው

በብሪጅ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ፣ አጋራችሁ ጥሪውን «ሁለት ክለብ» ብሎ ሲከፍት ስለ ክለብ (ከዳይመንድ፣ ሃርትና ስፔድ ጋር ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች አንዱ) የነገራችሁ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ 22 ነጥብና ከዚያ በላይ ይዟል (ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ነው)፤ የእናንተን እጅ እየጠየቀ ነው። የተጠየቃችሁትን ትታችሁ የራሳችሁን ወሬ ስትጀምሩ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ፓስ (አልፌያለሁ) ማለት። ባዶ እጅ ብትይዙም፣ ስድስት ክለብ ቢኖራችሁም አይባልም። አጋራችሁ የያዘው ክለብ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነው። ስምንት ነጥብ ያየ ጀማሪ ሁሉ «እኔም አለኝ» ለማለት ይቸኩላል። አምስት ዳይመንድ ካየ «ሦስት ዳይመንድ» ብሎ ይዘላል! «ሁለት ዳይመንድ» ብትሉ ምን ትከስራላችሁ? እሱ «ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» ማለት ነው፤ የምትይዙትን ዳይመንድ አይናገርም፣ ቦታም አይበላም። «ሦስት ዳይመንድ» ካላችሁ ግን ሁለት ሃርት፣ ሁለት ስፔድ፣ ሁለት ኖትራምፕ (የበላይ ዓይነት የሌለበት ጨዋታ)፣ ሦስት ክለብ ሁሉ አለፉ። ከፋቹ እጁን የሚገልጽባቸውን ጥሪዎች ነው ከአፉ የነጠቃችሁት። በሦስት ደረጃ ላይ አዎንታዊ መልስ የሚሰጠው ስድስት ካርታ ሲኖር፣ ከኤስ፣ ከኪንግና ከኩዊንም ሁለቱ በዚያው ውስጥ ሲገኙ ነው።

ይህንን ያወቅሁት ተቀጥቼ ነው። አንድ ምሽት ውድድር ላይ ስፔድ ኩዊንና ጃክ ያሉበት አራት፣ ዳይመንድ ኪንግና ጃክ ያሉበት አምስት፣ ሃርት ጃክና አንድ ትንሽ፣ ሁለት ትናንሽ ክለብ ይዤ ነበር። ልክ ስምንት ነጥብ። «ሦስት ዳይመንድ» አልሁ። አጋሬ 23 ነጥብ ነበረው፤ ስፔዱ ኤስና ኪንግ ያሉበት አራት፣ ሃርቱ ግን ሁለት ትናንሽ ብቻ። «ሦስት ኖትራምፕ» ከማለት በቀር ምን መንገድ ተውሁለት? ተቃራኒዎቻችን በሃርት ጀምረው አምስት ዙር በተከታታይ በሉን፤ ዘጠኝ ዙር ለማሸነፍ የገባነው ውልም በአንድ ዙር ወደቀ። «ሁለት ዳይመንድ» ብል ኖሮ እሱ «ሁለት ኖትራምፕ» ይላል፣ እኔ ስቴይማን በሚባለው የመጠየቂያ ጥሪ «ሦስት ክለብ» ብዬ አራት ስፔድ እንዳለው እጠይቃለሁ፤ «አራት ስፔድ» ውል ላይ ተቀምጠን ሁለት የሃርት ዙር ብቻ እናጣ ነበር። የአጋሬ ፊት እስካሁን አይጠፋኝም።

«ሁለት ዳይመንድ» ከመለሳችሁ በኋላ ከፋቹ ሁለት ሃርት ወይም ሁለት ስፔድ ቢል አሁንም ፓስ የለም። እኩል የተከፋፈለ እጅ ይዞ «ሁለት ኖትራምፕ» ሲል ብቻ ባዶ የያዘ ሰው ሊቆም ይችላል።

ፕሪሲዥን በሚባለው የጥሪ ሥርዓት የምትጫወቱ ደግሞ 16 ነጥብና ከዚያ በላይ በ«አንድ ክለብ» ይከፈታል፤ ከስምንት ነጥብ በታች የያዘ «አንድ ዳይመንድ» ይመልሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1925 እ.ኤ.አ. የዛሬውን የብሪጅ አቆጣጠር የቀረጸው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ራሱ ጠንካራ እጁን በአንድ ክለብ ይከፍት፣ ደካማውም አንድ ዳይመንድ ይመልስ ነበር። በፕሪሲዥን እውነተኛ ዳይመንድና ስምንት ነጥብ ከያዛችሁ ግን «ሁለት ዳይመንድ» በሉ።

መልቲ በሚባለው የ«ሁለት ዳይመንድ» መክፈቻ ላይ የሚሠራው ስህተት ግን ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚሳሳቱት በቅንነት ነው። «ሁለት ዳይመንድ» እዚህ ብዙውን ጊዜ ደካማ እጅና ስድስት ሃርት ወይም ስድስት ስፔድ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አታውቁም። አራት ሃርትና አንድ ስፔድ የያዘ ተማሪ ሃርቱን ስለወደደ «ሁለት ሃርት» ይላል። አጋሩ ሃርት ከያዘ ፓስ ብሎ ይቆማል፤ አሥር ሃርት ይዘው ሁለት ላይ ቀሩ። መጥራት ያለበት የማይወደውን ነው፤ «ሁለት ስፔድ»። አጋሩ ስፔድ ካለው እዚያው ያቆማል፣ ሃርት ካለው ወደ ሦስት ይወጣል። ስፔዱን የሚወድ ደግሞ «ሁለት ሃርት» ይበል። ይህንን ስነግራቸው መጀመሪያ ማንም አያምነኝም፤ አራት ካርታ ዘርግቼ ሳሳያቸው ነው ፊታቸው የሚበራው።

ተቃራኒ ጣልቃ ሲገባስ? ከሁለት ክለብ በኋላ ሁለት ስፔድ ቢባልባችሁ ደብል (የተቃራኒን ጥሪ ዋጋ የሚያጥፍ ጥሪ) እና ፓስ ምን እንደሚሉ ካርታ ከመታደሉ በፊት ተስማሙ። እኔና አጋሬ ደብል «ምንም የለኝም» ነው፣ ፓስ ደግሞ «ጥቂት አለኝ፣ ቀጥል» ብለን ጽፈን አስቀምጠናል።