ጊታርን ከሌሎች ጋር ለመጫወት፦ አስቀድመው ማረፊያውን ድምፅ ይለዩ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጊታር የሚለማመዱ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ጣቶቻቸውን ለማፍጠን ይተጋሉ፤ ከሌሎች ጋር ለመጫወት ሲቀመጡ ግን የሚጎድላቸው ፍጥነት ሳይሆን ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ለይቶ መስማት ነው። ለምሳሌ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ እና ፋ የተባሉት አምስት ድምፆች ላ ላይ ሲያርፉ ትዝታ ማይነር የተባለው ቅኝት (የዜማ ድምፆች አደራደር) ይሆናሉ፤ እነዚያው ድምፆች ሚ ላይ ሲያርፉ ደግሞ የአምባሰል ቅኝት ይሆናሉ። ስለዚህ ጓደኛዎ ላን ብቻ ደጋግሞ እንዲመታልዎ ያድርጉና በእነዚህ ድምፆች አንድ አጭር ሐረግ በአፍዎ አዚመው ያንኑ በጊታር ይመልሱ፤ ከዚያም ጓደኛዎ ወደ ሚ ሲዛወር ያው ሐረግ እንዴት መልኩን እንደሚለውጥ ያዳምጡ። በአፍ ሳይዜም በጣት የሚወጣ ፈጠራ አብዛኛውን ጊዜ የጣት ልማድ ብቻ ነው።

ከማሲንቆ ተጫዋች ጋር ከሆኑ የስልክ መቃኛን ሙጥኝ አይበሉ፤ ማሲንቆው የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ በሚስማማ ከፍታ በመሆኑ ጊታርዎን ወደ እርሱ ማስጠጋት የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ካፖ (በጊታሩ አንገት ላይ ክሮቹን ተጭኖ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርግ መቆንጠጫ) ካለዎት ሥራው ይቀልላል። ዘፋኙ ግጥሙን በሚያወጣበት ጊዜ ማረፊያውን ድምፅ በዝግታ ከመንካት ያለፈ ነገር አይጫወቱ (ወሎ ውስጥ ግጥም የሚያቋርጥ ጊታር ወዳጅ የለውም)፤ ስንኙ ሲያበቃ በሚገኘው ክፍተት ግን የዘፋኙን የመጨረሻ ሐረግ ተቀብለው፣ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ለውጠው ይመልሱለት።