ከሱብሒ በኋላ ያለችው ሰዓት፦ ልጅ እያሳደጉ ሥዕል ለሚሠሩ

ደሴ ላይ በክረምት ጦሳን የምናየው ጥቂት ሰዓት ነው። ጉሙ ተራራውን ሸፍኖ ቀስ እያለ ይወርድና የሰፈራችን ቆርቆሮ ላይ ይተኛል። ሱብሒ ሰግጄ መስኮቱ ሥር ስቀመጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ትንሹ ልጄ የሚነቃው 1 ሰዓት ላይ ነው። በመሐል ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል የኔ ናት። ለልጆች መጽሐፍ የሣልኳቸው ሥዕሎች፣ ለሠርግ ስጦታ የሄዱት የሙሽሮች ምስሎች፣ የመጽሐፍ ሽፋኖቹ፣ ሁሉም የተፀነሱት በዚያች ሰዓት ነው።

ከወለዱ በኋላ ብሩሽ ያስቀመጡ ሴቶች «እንዴት ቻልሽው?» ይሉኛል። አባቶችም ይጠይቁኛል። ቡና ላይ የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሥራውን ለዩት

የመጀመሪያ ልጄን እንደወለድኩ አንድ ሙሉ ነፃ ቀን ስጠብቅ ዓመቱ አለቀ። ቅዳሜ ሲመጣ ወይ ለቅሶ አለ፣ ወይ ሠርግ አለ፣ ወይ ልጅቷን ያተኩሳታል። ኋላ ላይ ሥዕል አንድ ሥራ እንዳልሆነ ገባኝ። ሦስት ዓይነት ሥራ ነው፤ ሦስቱም የሚፈልጉት ጊዜ የተለያየ ነው።

አንደኛው ሙሉ ልብ የሚፈልገው ነው፤ ምኑ የት ይቀመጥ፣ ብርሃኑ ከየት ይምጣ፣ የሴትዮዋ ፊት ምን ይናገር። እዚህ ላይ «እማዬ!» የሚል አንድ ድምፅ ሐሳቡን ለመበተን ይበቃል። ሁለተኛው እጅ ብቻ የሚፈልገው ነው፤ የቀሚሱን ጥለት መድገም፣ ጀርባውን ቀለም መሙላት፣ ትርፍ መስመር ማጥፋት። ይህ ልጅ አጠገባችሁ ተቀምጦ እያወራችሁም ይሠራል። ሦስተኛው ለደንበኛ መመለስ፣ ፋይል መላክ፣ ሒሳብ መያዝ ነው፤ ወጡ እየተንተከተከም ይሆናል።

ወረቀት አውጡና አሁን እጃችሁ ላይ ያለውን ትዕዛዝ ሁሉ በሦስቱ ሥር ጻፉት። አብዛኛው ሥራ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥር ሲገባ ታያላችሁ። ልባችሁን የሚጠይቀው የቀረው ጥቂት ነው፤ እሱን ብቻ ለንጋት አስቀምጡት።

መሣሪያውንም የምመርጠው በዚሁ መንገድ ነው። በውሃ ቀለምም በታብሌትም እሠራለሁ፤ የቱን መቼ እንደማነሣ የሚወስኑት ልጆቹ ናቸው። የውሃ ቀለም ወረቀቱ ላይ አንዴ ከፈሰሰ አይጠብቅም። ሰማይ እያቀለማችሁ ልጅ ወድቆ ልታነሡት ብትሄዱ፣ ስትመለሱ ጠርዙ ደርቆ መስመር ሠርቷል፤ ያ መስመር ደግሞ አይለቅም። ታብሌቱን ግን የተዋችሁበት ቦታ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ንጋት ላይ የውሃ ቀለም፣ ቀን ላይ ታብሌት። ብዙ ሰው ዲጂታል የሚመርጠው ፈጣን ስለሆነ ይመስለዋል፤ ለኔ ትልቁ ጥቅሙ ሲያቋርጡት የሚታገሥ መሆኑ ነው።

ንጋትም ላይ ቢሆን እስከ 12 ሰዓት ጨለማ ነው። በአምፖል የምሠራው እርሳስ ብቻ ነው፤ የኛ አምፖል ሁሉን ወደ ቢጫ ይወስደዋል፣ ቀን ላይ ሳየው ሌላ ሥዕል ይሆንብኛል። ቀለም የምነካው መስኮቱ ሲነጣ ነው። ስልኬ በዚያች ሰዓት ወጥ ቤት ነው ያለው። ሰዓት ለማየት ብዬ አንስቼው ግማሽ ሰዓት የበላብኝ ቀን ብዙ ስለሆነ፣ የግድግዳ ሰዓት ገዛሁ።

ቤተሰቡን ወደ ሥራው አስገቡት

አማቴ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ አካባቢ ሥዕሉን «ያ ወረቀትሽ» ነበር የሚሉት። አንድ ቀን ለመጽሐፍ ሽፋን መሶብ ስሥል ከኋላዬ ቆመው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ መሶብ እንጀራ አይችልም» አሉኝ። ደነገጥኩ። የራሳቸውን ስፌት አምጥተው ቁጭ አሉና ስንደዶው ውስጥ ውስጡን እንዴት እንደሚዞር፣ አክርማው በላዩ እንዴት እንደሚጠቀለልበት፣ አለላው የቱ ጋ እንደሚገባ አሳዩኝ። እኔ ጥለቱን ጨርቅ ላይ እንደታተመ ጠፍጣፋ አድርጌው ነበር፤ የስፌት ጥለት ግን ዙሩን ተከትሎ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው። ሽፋኑን አፍርሼ ከመጀመሪያው ሠራሁት።

ከዚያ ወዲህ የቤት ዕቃ ያለበት ሥዕል ሁሉ ለደንበኛ ከመሄዱ በፊት ለእሳቸው ይታያል። ትንሹ ቀደም ብሎ ከነቃም ሳልጠይቃቸው ያነሡታል። ቤት ያለ ሰው ሥራችሁን እንዲያከብር ከፈለጋችሁ የሚያውቀውን ነገር ጠይቁት። የከብት ጠባይ የሚያውቅ አባት፣ ፈትል የምታውቅ አክስት በየቤቱ አለ።

ባለቤቴ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ማታ ይመለሳል። ለዓመታት «አግዘኝ» እለው ነበር፤ እሱም ያግዘኝ ነበር፣ ግን መቼ እንደሚያግዘኝ ስለማላውቅ ሥራዬን በእሱ ላይ ማስላት አልቻልኩም። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ልጆቹን ማብላትም ማስተኛትም የእሱ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጣችሁ ተነጋገሩ።

ልጆቹን በተመለከተ ያቆየኝ አንድ ሕግ አለ፦ ታብሌቱ ላይ ጨዋታ የለም። አንድ ጨዋታ ከተጫነ፣ ለሥራ ባነሣችሁት ቁጥር ልቅሶ ይነሣል። በምትኩ የ8 ዓመቷ ልጄ የራሷ ቀለም፣ የራሷ ብሩሽና እኔ የምሠራበት ዓይነት ጥሩ ወረቀት አላት። ከጎኔ ስትሠራ ጥያቄዋ ይቀንሳል፤ እኔም የሷን ድፍረት አይቼ የተማርኩት ቀለም አለ። ለ3 ዓመቱ ከሰልና ካርቶን ይበቃዋል፤ ጠላት የሆነብኝ የቀለም ክዳን ብቻ ነው፣ እሱን ጠረጴዛ ላይ አትተዉ፤ ይውጠዋል።

ቡና ሲፈላ ሁሉንም አቆማለሁ። አማቴ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም አብረው «አሚን» ይላሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ እንቀመጣለን። እዚያ የሚወራው ወሬ፣ የእጃቸው አጣጣል፣ የጭሱ አወጣጥ፣ ሥዕሌ የሚሠራው ከዚህ ነው።

ለሥዕሉ የሚሆን ነገር መሰብሰብ

በወር አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። አፋሩ ግመሉን ይዞ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚገናኙበት ገበያ ስለሆነ በአንድ ቀን የወር ስንቅ ይገኛል። ቆሜ በትንሽ ደብተር እነድፋለሁ፤ ፎቶ ካስፈለገኝ አስፈቅጄ ብቻ ነው። ሰው ሳይጠየቅ ስልክ ሲደቀንበት ፊቱን ያጠቁራል፤ እርሳስ ሲያይ ግን ቀርቦ «የኔን አፍንጫ እንዲህ አደረግሽው?» ይላል፤ ወሬ ይጀመራል። ከፎቶው ይልቅ በችኮላ የተነደፈው መስመር ነው ቤት ስመለስ ሰውየውን የሚያስታውሰኝ። በድምፅም እቀዳለሁ፦ «የሻሹ ቀለም የበሰለ በርበሬ፣ ጥላው ወይን ጠጅ» ብዬ ለራሴ እናገራለሁ። ልጅ ታዝሎም ቢሆን ይህ ይቻላል።

ስልኩና ታብሌቱ

ውድ ነገር አትግዙ። ኢቢስ ፔይንት የሚባለው የሥዕል መተግበሪያ በተራ ስልክ ይሠራል፤ ክሪታ የሚባለው ደግሞ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ታብሌት ያለ ክፍያ ይገኛል። ሁለቱም ኔትወርክ ባይኖር ይሠራሉ፤ ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራ ስትጀምሩ መጠኑን መጀመሪያ ወስኑ። ኤፎር ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ እንዲታተም 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ይህ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው። በትንሹ ጀምሮ ኋላ ማሳደግ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። ሸራው ሲተልቅ ግን ስልኩ የሚፈቅደው ላየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚሣልበት ንብርብር) ይቀንሳል፤ ያለቀውን ላየር እያዋሐዳችሁ ሂዱ።

የወረቀት ሥራ ፎቶ ስታነሡ ፍላሽ አታብሩ፣ ፀሐይ ላይም አታውጡ። የደሴ ጉም እዚህ ላይ በረከት ነው፤ ጥላ የሌለው ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ሥዕሉን መስኮት አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ስልኩን ትይዩ ያዙ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ በካሜራው ዙም በጥቂቱ አቅርቡት። በጣም ተጠግታችሁ ካነሣችሁት ጠርዙ ይጎብጣል።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ፎቶ ሆኖ ከሄደ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል። አንድ ሽፋኔ በዚህ ምክንያት ደብዝዞ ታትሞ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ያንን ቀን አልረሳውም።

ቀለም ላይ ተጠንቀቁ። ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደመረ ነው ቀለም የሚያሳየው፤ ማተሚያ ቤት ግን ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ደማቅ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይሞታል። ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ አሳትሙና በቀን ብርሃን እዩት። ፊደል ያለበት ሥራ ከሆነ ደግሞ ፊደሉን ወደ ምስል ቀይራችሁ ወይም በፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስጡ፤ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የናንተ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ከሌለ ርዕሱ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ ንጹሕ ፊደል ነው።

ሥራችሁ ከአንድ ቦታ በላይ ይኑር

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ሥዕሎቹን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር ትቻቸው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ክፍት ነው፣ ወረቀቱ ከፊሉ የለም፣ ከፊሉ ተረግጦ ውሃ ገብቶበታል። ከ40 በላይ ነበሩ። የተረፉልኝ ስልኬ ላይ ፎቶ ያነሣኋቸው 11 ናቸው፤ እነሱንም ያነሣኋቸው ለጓደኛዬ ላሳያት ብዬ እንጂ አስቤበት አልነበረም። አማቴ «አብሽሪ፣ እጅሽ አለ» ብለውኛል። እጄ አለ፤ ግን የአባቴን ፊት የነደፍኩበት ወረቀት ከእነሱ መሐል ነበር፣ አባቴም ዛሬ የሉም።

ስለዚህ ይህን እለምናችኋለሁ። ሥራው ባለቀ ቀን ፎቶ ይነሣ። አንዱ ቅጂ ታብሌቱ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ ሆኖ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ይቀመጥ፤ የኔው ሐይቅ ከተማ እህቴ ቤት ነው፣ በየሁለት ወሩ እንቀያየራለን። ሦስተኛው ጉግል ድራይቭ ላይ ይሁን፤ 15 ጊጋ ባይት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ኔትወርክ ሲኖር ማታ ጫኑት እንጂ እሱን ብቻ አትመኑ፤ ተቋርጦ የቆየባቸውን ወራት እናውቃለን።

ከደንበኛ ጋር

ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል እርሳስ አላነሣም። እርማት ሁለት ጊዜ ነው፤ ንድፉ ላይ አንድ፣ ቀለሙ ላይ አንድ። ይህን በጽሑፍ ቀድማችሁ ላኩ። መልስ የምሰጠው ቀን 6 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ብቻ እንደሆነ ቻናሌ ላይ ተጽፏል፤ ሁለት ሰው ተቆጥቶ ሄደ፣ ሌላው ለመደው።

ሥዕሉ እንደተሠራ፣ ሳታስመዘግቡትም፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው፤ ሠዓሊው በሕይወት እያለና ካለፈ በኋላም 50 ዓመት። በትዕዛዝ የተሠራ ከሆነ ግን መብቱ ወደ አዛዡ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ለምን እንደሚውልና የማን እንደሚሆን በሁለት መስመር ተጻጻፉ። ሽፋን ብላችሁ የሸጣችሁት ካናቴራ ላይ እንዳታገኙት።

ረመዳን

በረመዳን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ከቀትር በኋላ ሾርባና ሳምቡሳ ነው፤ ንጋት ላይ ከስሑር፣ ጾሙ ከመጀመሩ በፊት ከሚበላው ምግብ፣ በኋላ እንቅልፍ ያሸንፋል። ስለዚህ በዚያ ወር አዲስ ትዕዛዝ አልቀበልም፤ ከተራዊሕ፣ ከረመዳን የማታ ሶላት፣ በኋላ ልጆቹ ሲተኙ እጅ ብቻ የሚፈልገውን ሥራ ታብሌት ላይ እጨርሳለሁ። ገና እና ፋሲካ ቤቱን የሚሞሉባችሁም ከወዲሁ ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉ።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ወጥሩ፣ እርሳሱን ቅረጹ፣ ውሃውን በብርጭቆ ሙሉ፣ ነገ የምትሥሉትን በአንድ ቃል ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉ። የኔው ላይ ዛሬ የተጻፈው «ግመሉ» ነው፤ ባለፈው ሰኞ ባቲ ያየሁት፣ አንገቱን ዘርግቶ የልጅ ባርኔጣ ሲነጥቅ።